ከወልዲያ የመጣው ኮምፒውተር

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017

ይህን ደብተር የጀመርኩት ንዴቴን ጀዊሪያ ላይ እንዳልወጣ ነው። ሚስቴ ምን በወጣት? ቀኑን ሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ ስቃጠል እውልና ማታ ወጡ ጨው በዛበት እያልኩ አኮርፋለሁ።

የሰርግ ቪዲዮ የምናቀናብርበት አሮጌው ኮምፒውተር ሞተ። የጥር ሰርግ ደግሞ ደጃችን ላይ ቆሟል። እሸቴ ካሜራ ይይዛል፣ እኔ ድምፁንና ኤዲቱን እሠራለሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን፤ ቆቦ ውስጥ ማንም ለይቶ አይጠራንም፣ «እሸቴና ነጅሙ» ነን።

እኔ ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝተን ራሴ ልገጣጥመው አልኩ። እያንዳንዱን ብሎን አውቀዋለሁ፣ ቢበላሽም የቱ ጋ እንደታመመ አውቃለሁ። እሸቴ የተገጣጠመ እንግዛ ባይ ነው። የእህቱ ባል አብርሃም ወልዲያ ላይ ኮምፒውተር ይሸጣል፤ ሶኬት መሰካት ብቻ ነው ይላል። ያን ሱቅ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። በጓሮ በኩል ከየትም የተለቀመ አሮጌ ዕቃ በቤንዚን ይጠረጋል፣ አዲስ ኬዝ ውስጥ ይገባል፣ ላስቲክ ይለብስና መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሬሳ ገንዞ መሸጥ በለው።

ተከራክረን ተከራክረን እሸቴ ተሸነፈልኝ። «እሺ፣ ያንተ እጅ ይሻላል» አለ። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ኬዙ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ራሙና ሃርድ ዲስኩ ደርሰዋል። ስቱዲዮው አቧራ ስለሆነ ቤት አስቀመጥኳቸው። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ አዲስ አበባ ቀሩ። ከደሴ ወዲህ መንገድ ተዘግቷል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። መናኸሪያ ሄጄ የጠየቅኩት ረዳት ሳቀብኝ። «ሰው አልመጣም፣ ያንተ ሳጥን ይምጣ?»

እሸቴ ግን ዝም ብሎ የሰርጎቹን ቀን ግድግዳው ላይ ያያል። ያ ዝምታው ከስድብ ይከፋል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 25

አመጣው። ሳይነግረኝ ወልዲያ ሄዶ፣ በባጃጅ ጭኖ፣ «ነጅሙ፣ አትቆጣ እንጂ» እያለ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገው። ፊት ለፊቱ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መብራት ይሽከረከርበታል። የዳንስ ቤት ይመስላል። ከጎኑ «ከተከፈተ ዋስትና የለውም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

እሸቴ ምሳ ሲወጣ ወረቀቱን በምላጭ አንስቼ ከፈትኩት።

መጻፍም ይቀፈኛል። የፋኑ ክንፎች ላይ አቧራው ከቅባት ጋር ተላቁጦ እንደ ጭርት ተጣብቋል። ማዘርቦርዱ ሥር የበረሮ እንቁላል ቅርፊት አለ። ፕሮሰሰሩ ላይ ለማቀዝቀዣ በተቀባው ቅባት ውስጥ የሰው ጸጉር አገኘሁ፣ ረጅም ጸጉር። ሽታው የሲጋራና የተቃጠለ ሽንኩርት ነው። የሃርድ ዲስኩ ወረቀት ተፍቆ ሌላ ወረቀት ተጣሞ ተለጥፎበታል፤ ዕድሜዋን እንደምትደብቅ ሴት ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ጀዊሪያ ብታነበው ትቆጣለች። አፌ ምራቅ ሞላ። ወጥቼ ተፋሁ።

እሸቴ ሲመለስ ሁሉንም አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ቀላ፣ ግን ቀና ሲል የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይሠራል አይሠራም?»

ይሠራል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ጧት ብቻዬን ከፈትኩት። ሃርድ ዲስኩ ያንኳኳል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ትልቅ ፋይል ስትከፍትለት ተክ፣ ተክ ይልና ዝም ይላል።

ለእሸቴ አልነገርኩትም። እሱም ጆሮ አለው።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ሥራ ጀምረናል። ፈጣን ነው ይላል እሸቴ ለመጣው ሰው ሁሉ። «አዲስ ማሽን አስገብተናል።» አዲስ! የበረሮውን ቅርፊት በእጄ ጠርጌ የጣልኩት እኔ ነኝ።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ መስተዋቱን እየወለወለ ለደንበኛው ሲያወራ ሰማሁት። «እሸቴ ባይኖር ነጅሙዲን እስከ ፋሲካ ብሎን ሲያጠብቅ ይከርም ነበር» አለ። ሁለቱም ሳቁ። ሳልፍ ሰላም አሉኝ፣ እኔም ሳቅኩ። ጥርሴን ማሳየቴ እስካሁን ያናድደኛል።

ዓርብ፣ ጥር 9

ድሮ ከእያንዳንዱ ሰርግ ሁለት ቅጂ እናስቀምጥ ነበር። የሁለተኛው ቅጂ ማስቀመጫ ሞልቷል። ቅጂ መያዝ የእኔ ሥራ ነው።

ጀዊሪያ ቁምሳጥኑን ስታስተካክል አዲሱን ሃርድ ዲስክ እስከ ላስቲኩ አገኘችው። ይኼ ምን እየጠበቀ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ማዘርቦርዱን አልኳት። ታዲያ እስከዚያ ከዚያኛው ጋር አይሠራም ወይ አለች። ይሠራል፣ ግን እዚያ ቆሻሻ ውስጥ አልሰካውም አልኳት። አየችኝና ልብሱን ማጠፏን ቀጠለች።

እሷ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች?

ሰኞ፣ ጥር 19

ትናንት ሮቢት ነበርን። የጋሼ ካሳና የእትዬ አስረሳሽ ልጅ ትዕግሥት ዋጃ ተዳረች። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው። ጋሼ ካሳ በመስኖ ሽንኩርት ያመርታሉ፤ ስቱዲዮውን የከፈትን ጊዜ የመጀመሪያውን የቤተሰብ ፎቶ ከነልጆቻቸው መጥተው የተነሱት እሳቸው ናቸው።

ሰርጉ ግን አስጠላኝ። ዝንቡ፣ ሙቀቱ፣ ዳሱ ውስጥ የሚጋፋው ሰው። አንዱ ሚዜ ሰክሮ ገመዴን ረግጦ በጠሰው። አንዷ ሴትዮ ቅቤ ያለበትን እጇን ትከሻዬ ላይ ጠረገች፣ ወላሂ። እሸቴ እየሳቀ ከሁሉም ጋር ይጨፍራል፣ ካሜራውን ይዞ ይጨፍራል። ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚወደው።

ማይኩን ጋሼ ካሳ ኮት ላይ ሰካሁት። ኮቱ ሰፍቷቸዋል። በጣም ከስተዋል። ጨጓራ ነው ይላሉ። ሙሽራዋ ጉልበት ስትስም መረቁ፣ ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ድምፁን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ነበር። ጥሩ ወጥቷል።

ዛሬ ጧት ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩ። ተክ፣ ተክ፣ ተክ። ዛሬ ረዘም አለ።

እሸቴ አጠገቤ ተቀምጦ ስልክ ያወራል። እንዴት አይሰማውም? ወይስ እየሰማ ነው ዝም ያለው? ይኸው፣ የእህቱን ባል ከመናገር ዝም ማለት ይሻለዋል።

ሰኞ፣ ጥር 26

ትናንት ደግሞ የሌላ ሰው ሰርግ፣ ዋጃ። የሮቢቱን ከሚሞሪ ካርዶቹ አጥፍተን ነው የሄድነው፣ ሌላ ካርድ የለንም። መብራት ይጠፋል ይመጣል። ወረፋው ረጅም ነው። ወገቤ።

ዲስኩ ያው ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ጋሼ ካሳ ሞቱ።

ጧት የእሸቴ ስልክ ጮኸ። ጉበታቸው ነበር አሉ። ጨጓራ አልነበረም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ከቀብር መጣን። እትዬ አስረሳሽ እሸቴን በሰው መሀል እጁን ይዘው ሳሙት። «ድምፁ አንተ ጋ አለ» አሉት። «ድምፁ እንኳ አለኝ ብዬ ነው የምጽናናው።» እሸቴ በዚህ ሳምንት ውስጥ አመጣለሁ ብሎ ማለላቸው። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ወደ እኔ አላዩም፤ ካሜራ የሚይዝ ሰው ነው የሚታወሰው።

ስንመለስ እሸቴ ሌላው ሁሉ ይቆይ፣ የጋሼ ካሳን እናስቀድም አለኝ። እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ቀኑን ሙሉ የሮቢትን ሰርግ ቆረጥኩ። ጋሼ ካሳ በሁሉም ቦታ አሉ፤ እንግዳ ያስቀምጣሉ፣ ልጅ ከደጅ ያባርራሉ፣ ከእንግዳ ጋር ይስቃሉ። ሲስቁ ጎናቸውን በክንዳቸው ደገፍ ያደርጋሉ። አሁን ነው ያየሁት።

ዲስኩ ሲያንኳኳ ወለሉ ሁሉ የሚንኳኳ መሰለኝ። እሸቴ አንዴ ቀና ብሎ «ይኼ ድምፅ ምንድን ነው?» አለ። ምን አልኩት? ፋኑ ነው አልኩት።

ነገ ጧት አዲሱን ዲስክ ከቤት አመጣለሁ። ሁሉንም እገለብጣለሁ። ሁለት ሰዓት አይፈጅም። አሁኑኑ ይዤው በሄድኩ ነበር፣ ግን ስቱዲዮው ተቆልፏል፣ ቁልፉ ዛሬ እሸቴ ጋ ነው። ነገ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አላመጣሁትም። ጀዊሪያ ገበያ አድርሰኝ አለች፣ ዘገየሁ። ስደርስ መብራት ጠፍቶ መጥቶ ነበር። እሸቴ ኮምፒውተሩ ፊት ቆሟል። መብራቶቹ ይሽከረከራሉ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

ተክ ተክ ተክ ተክ ተክ። አያቆምም።

እሑድ፣ የካቲት 9

የለም። ሁሉንም ሞከርኩ። ካርዱ ላይ የዋጃው ሰርግ ተጽፎበታል። ሁለተኛ ቅጂ የለም።

እሸቴ ወልዲያ ደውሎ ከአብርሃም ጋር ተጯጯኸ። አብርሃም ምን አለ? ከፍታችሁታል፣ ወረቀቱ ተነስቷል፣ ዋስትና የለውም አለ። ወረቀቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይህ ነጋዴ ቆሻሻውን ሸጦ አሁን በኔ ምላጭ ያመልጣል። ያንን ሰው እንደምጸየፈው ምንም ነገር ተጸይፌ አላውቅም።

ልክ ነበርኩ። ከመጀመሪያው ልክ ነበርኩ። ይህን ልጽፍ ፈልጌ ነው የተቀመጥኩት፤ ጻፍኩት፣ ምንም ደስ አይልም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

መንገዱ ተከፍቷል። ዲስኩን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ልከን ነበር፣ ከሞተ ዲስክ ፋይል የሚያወጣ ሰው ጋ። ዛሬ ደወለ። ውስጡ ተፍቋል አለ። ቀደም ብሎ ቢመጣ፣ ሲያንኳኳ ሰምታችሁ ብታጠፉት ይወጣ ነበር አለ። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበር። እሸቴም ሰማ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

እሸቴ ብቻውን ሮቢት ሄደ። እንሂድ አላለኝም፣ እኔም ልምጣ አላልኩም።

ሲመለስ ጉንጩ ላይ አቧራና እንባ ደርቆበታል። እትዬ አስረሳሽ አልጮሁም፣ አልተራገሙም አለኝ። ከድሮዎቹ ፎቶዎች አንዱን አሳጥቡልኝ ብቻ ነው ያሉት። ከጎረቤት አንዱ ግን በሰው ፊት ርካሽ ፈልገህ የሙት ድምፅ አጠፋህ ብሎታል። «ልክ ነው፣ ማሽኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ነጅሙ አይሆንም ብሎኝ ነበር አልኳቸው» አለኝ። እንዲህ ብሎ ስሜን አጸዳልኝ።

እራት አልበላሁም። ጀዊሪያ አልጠየቀችኝም። ቁምሳጥኑ ተዘግቷል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ትናንት ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ደረሱ። ዛሬ ገጣጠምኩት። ስመኘው የኖርኩት ሥራ ነው፤ ብሎኑ ሁሉ በቦታው፣ ገመዱ ሁሉ ታስሮ፣ አንድ ብናኝ የለም። ቁልፉን ስጫን በመጀመሪያው ተነሳ። ድምፅ የለውም። ዝም ይላል።

ላየው አልቻልኩም። ስጠባበቀው የነበረው ነገር በንጽሕናው አጸየፈኝ።

እሸቴ ገባና ከኋላዬ ቆመ። «ሲያምር» አለ። እውነቱን ነው፣ ቅናት የሌለበት ሰው ነው። ያን ጊዜ ነው የነገርኩት። እያየሁት አይደለም፣ ስክሪኑን እያየሁ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ሲያንኳኳ እሰማ ነበር አልኩት። ይህ ዲስክ ቤት ነበር አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ቤት ነበር?»

«ከታኅሣሥ።»

ሌላ ነገር እንዲጠይቀኝ ፈለግኩ፤ እንዲሰድበኝ፣ እንዲመታኝ። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። በሩን እንኳ በቀስታ ነው የዘጋው።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጾም ገባ። ሰርግ የለም። እሸቴ ግን መጣ፣ ሱቁን ከፈተ፣ የመታወቂያ ፎቶ የሚነሳ ሰው አስተናገደ። ይሰድበኝ ይሆናል፣ ተካፍለን እንለያይ ይል ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። ማታ ሊወጣ ሲል ዞሮ አየኝ።

«ቁልፉን ያቀብሉኝ» አለኝ።

ሌላ ሰው ገብቶ እንደሆነ ወደ በሩ ዞርኩ። ማንም የለም። አንቱ ያለኝ እኔን ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዳቦ ቆርሰን የበላን ሰው፣ ስሜን እንኳ ከስሙ ሳይነጥል ሲጠራ የኖረ ሰው። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረኝ።

አቀበልኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ዛሬ ሮቢት ሄድኩ። የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ነው የደረስኩት። እትዬ አስረሳሽ ብቻቸውን ደጃፍ ላይ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ለቀስተኛው ተበትኗል፣ ትዕግሥትም ወደ ዋጃ ተመልሳለች። እግዜር ያጽናዎት ብዬ ተቀመጥኩ። ለመናገር የተዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ ስለ ማሽኑ፣ ስለ አብርሃም፣ ስለ መንገዱ። አንዱም አልመጣልኝም። ጥፋቱ የእሸቴ አይደለም አልኳቸው። ዲስኩ ሊሞት እንደሆነ አውቅ ነበር፣ የምገለብጥበት ንጹሕ ዕቃ ቤቴ ነበር፣ አላመጣሁም አልኳቸው።

«ለምን ልጄ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ደብተሬ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። «እሸቴ እንዲዋረድ ፈልጌ ነው» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ገማኝ።

እትዬ አስረሳሽ መሬቱን እያዩ ቆዩ። እሸቴ እዚሁ ተቀምጦ እንዳለቀሰ፣ ስለ እኔም ሲጠይቁት ሥራ በዝቶበት ነው እንዳላቸው ነገሩኝ። የወቀሳ ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም። እየጠበቅኩ ነበር።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ምርቃቱን አገር ሰምቶታል፣ ይነግሩኛል። ከምርቃቱ በኋላ ግን ልጅቱን አቅፎ በጆሮዋ ያላት ነገር ነበር። ምን አለሽ ስላት ታለቅሳለች እንጂ አትነግረኝም። ከቪዲዮው እሰማዋለሁ ብዬ ነበር። አንተ ያን ዕቃ ጆሮህ ላይ አድርገህ ነበር። ሰምተሃል?»

ሰምቻለሁ። ያን ቀን ድምፃቸው ሲቀንስ የድምፁን ማንሻ ከፍ አድርጌ ነበር፤ ያሰብኩት ስለ ማንሻው ነው። ቃሉ ግን እንዳለ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጅቷ የደበቀችው ነገር ነው፣ የኔ አይደለም። ልከልክላቸው? ምን ፊት አለኝ?

ነገርኳቸው። «ትዕግሥትዬ፣ እኔ ብዙ አልቆይም። እናትሽ ብቻዋን እህል አትቀምስም። ማታ ማታ ደውይና በላሽ ወይ በያት» ብለዋል አልኩ።

እትዬ አስረሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። «ያውቅ ነበር» አሉ። «እኔን ጨጓራ ነው እያለ፣ ያውቅ ነበር።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ልጅቱ በየማታው የምትነዘንዘኝ ለዚህ ነው» አሉ። አለቀሱ። እኔ እጄን አያለሁ።

ልሂድ ብል አይሆንም አሉኝ። እየመሸ ሲሄድ አብረን ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ስልካቸው ጮኸ። ትዕግሥት ናት። ከስልኩ ውስጥ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ እማ፣ እራት በላሽ ወይ ትላለች። እትዬ አስረሳሽ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በላሁ» አሉ። «አዎ እናቴ፣ ጠግቤ በላሁ።»

ስልኩን ዘግተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሽሮ በእንጀራ አድርገው በአንድ ሳህን ይዘው ወጡና መሀላችን አስቀመጡት። ውሃም አምጥተው እጄን አስታጠቡኝ።

«ቅረብ» አሉኝ። «ለልጄ ዋሽቻለሁ። ብላ፣ ውሸታም አታድርገኝ።»

ቀረብኩ። የመጀመሪያው ጉርሻ አልወርድ አለኝ፤ የተጸየፍኩት ራሴን ነበር። ሁለተኛውን በእጃቸው አጎረሱኝ። ዋጥኩት። ከዚያ እሳቸውም በሉ።